ጦማርና ገጽ፤ ስለ ካህን ቃል በስልክ ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ጦማር» የሚለው ቃል በግእዝ ደብዳቤ፣ የተጻፈ መልእክት ማለት ነው። አባቶቻችን ከነገሥታት ወደ ነገሥታት፣ ከጳጳሳትም ወደ ምእመናን የሚላከውን ጽሕፈት በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። በዘመናችን ደግሞ ሰው አሳቡን ጽፎ በኢንተርኔት የሚያወጣበትን ስፍራ፣ ፈረንጆች ብሎግ የሚሉትን፣ ወጣቶቻችን «ጦማር» ብለው ሰየሙት፤ ጸሓፊውንም «ጦማሪ» አሉት። «ገጽ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሆኗል። ገጽ በግእዝ ፊት ማለት ነው፤ በአማርኛ የመጽሐፍ ቅጠል አንዱ ወገን ነው፤ ዛሬ ግን «ገጽ አለዎትን?» ተብሎ የተጠየቀ ካህን ስለ ፌስቡክ እንደ ተጠየቀ ወዲያው ያስተውላል። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ይገኛል። ጥያቄያችንም፣ ካህን በጦማር ሲናገር ገጹ፣ ይኸውም ፊቱ፣ ወዴት ይሆናል? የሚል ነው።

ይህን ስንጽፍ በዐይነ ልቡናችን የምናየው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በዙሪያቸውም ባለው የቡና አገር ያለውን የቤተ ክርስቲያን ኑሮ ነው። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዝናሙ ብዙ፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ መንገዱም በክረምት አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ባለው አገር ለሚኖር ካህን ስልክ ትልቅ ረዳት መሆኑን የማያምን የለም። ነገር ግን ረዳት የሆነው ነገር ሁሉ ሥርዓት ካልተበጀለት ጌታ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን በታሪክና በልምድ መርምረን፣ የሚጠቅመውን ከሚጐዳው ለይተን ልናቀርብ ወደድን።

ጦማር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም

አንዳንድ አባቶች በኢንተርኔት መጻፍን ፈጽሞ ዓለማዊ ሥራ አድርገው ይቈጥሩታል። ይህ አሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ታሪክ አይደግፈውም። ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት የሚበዙት መልእክታት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ በአካል ሊደርስባቸው ወዳልቻለ ምእመናን ጽፎ ይልክ ነበር፤ ወደ ኤፌሶንና ወደ ቈላስይስ የጻፈውን ያደረሰው ቲኪቆስ ነው፤ ወደ ሮሜ የጻፈውንም የክንክራኦስ አገልጋይ ፌቤን እንዳደረሰች ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚያ ዘመን የተሻለው መገናኛ መርከብና የሮም መንገድ ነበረ፤ ሐዋርያውም ያለ ኀፍረት ተጠቀመበት።

ከዚህም በኋላ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት በየዓመቱ የፋሲካን ቀን የሚያስታውቅ መልእክት ወደ አብያተ ክርስቲያናት ይልኩ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ367 ዓ.ም. በላከው የበዓል መልእክት ሃያ ሰባቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስማቸው ዘርዝሮ አስታወቀ። እንግዲህ ለዓመታዊ በዓል ማስታወቂያ የተጻፈ አንድ ጦማር ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ተሸክሞ ሄደ።

ይሁን እንጂ መልካሙን የሚያደርሰው መንገድ ክፉውንም ያደርሳል። ለአርዮሳውያን ያደላ የነበረው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ወደ አክሱም፣ ወደ ኢዛናና ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክልኝ ብሎ ጠየቀ። አባ ሰላማ ግን በመንበሩ ጸንቶ እንደ ኖረ ትውፊታችን ይመሰክራል። ከዚህ የምንማረው፣ ሩቅ አገር የተጻፈ ነገር ሁሉ በታላቅ ስም ስለ መጣ ብቻ እንደማይታመን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ይህን አስቀድሞ ዐውቆ ነበር። ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ከእርሱ የተላከ በሚመስል ደብዳቤ እንዳይናወጡ አስጠንቅቋል፤ በመልእክቱም መጨረሻ በገዛ እጁ ሰላምታ ጽፎ፣ ይህ የመልእክቱ ሁሉ ምልክት እንደ ሆነ ገልጦላቸዋል። እንግዲህ በሰው ስም ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ ሕዝብን ማሳሳት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ምልክትና ማኅተም ያስፈለገውም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

በአገራችንስ ምን ሆነ?

በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ በተቋቋመ ጊዜ፣ በብራና ይጻፍ የነበረው መጽሐፍ በወረቀት ታትሞ በየቤቱ መግባት ጀመረ። የብራናው ጸሓፊ በዓመት አንድ መጽሐፍ በሚጽፍበት ጊዜ ማተሚያው ብዙ ሺህ ያወጣል። ጥቅሙ ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን ከጸሓፊው እጅ የወጣው ስሕተትም ብዙ ሺህ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ የታተመውን የሚመረምሩ ሊቃውንት አስፈለጉ።

ኢንተርኔት ደግሞ ማተሚያ ቤቱን በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ አስገባው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ እንደ «ደጀ ሰላም» እና «ሐራ ዘተዋሕዶ» ያሉ ጦማሮች የቤተ ክህነትን ዜና ለሕዝብ ሲያደርሱ ቈይተዋል፤ የዲያቆን ዳንኤል ክብረት «የዳንኤል ዕይታዎች»ም በአገር ውስጥና በውጭ ብዙ አንባቢ ነበረው። ከዚያም ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተከተሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ሲነገር፣ የሰሙነ ሕማማቱ ጸሎትና ትምህርት በቴሌቪዥንና በስልክ ይደርሳቸው ነበር። በደጀ ሰላም መቆም ያልቻሉ አረጋውያን የልጅ ልጆቻቸው በያዙት ስልክ ፊት ሲሰግዱ ያየ ሰው ይህን መሣሪያ በጠቅላላው ሊንቅ አይችልም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘን። በጥር ወር ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተደረገው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን በታላቅ ፈተና ላይ ሳለች፣ ዜናው ሌትና ቀን በስልክ ይሮጥ ነበር። እውነቱ ከሐሰቱ፣ የሲኖዶሱ መግለጫ ከወሬኛው ፈጠራ ጋራ ተቀላቅሎ ስለ መጣ፣ በገጠር ያለው ካህን የትኛውን እንደሚያነብ ተቸገረ። ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገደቡ፤ እስከ ሐምሌም ድረስ ቈዩ። ያን ጊዜ ሁሉን ነገር በስልክ ላይ የመሠረተ ማኅበር ድምፁ ጠፋ። ደወል የምትደውል፣ ምእመናኑን በቤታቸው የምታውቅ አጥቢያ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም።

የእኅት ቤተ ክርስቲያን ልምድም ይጠቅመናል። በግብፅ በ2010 ዓ.ም. የአባ መቃርስ ገዳም አበምኔት ኤጲስ ቆጶስ ኤጲፋንዮስ በገዳማቸው ውስጥ ተገድለው በተገኙ ጊዜ፣ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ምንኵስና ሥርዓት ውሳኔዎችን አወጣች። ከእነዚህም አንዱ መነኰሳት በማኅበራዊ መገናኛ ያላቸውን ገጽ በአንድ ወር ውስጥ እንዲዘጉ የሚያዝዝ ነበረ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊም የራሳቸውን የፌስቡክ ገጽ በመዝጋት አርአያ ሆኑ። ይህ ውሳኔ ለመነኰሳት እንጂ ለሁሉ አይደለም። ቢሆንም ከዓለም ለተለየ ሰው የዓለም አደባባይ በኪሱ መኖሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስረዳል።

በቡናው አገር ያለው ጥቅም

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የብዙ ቋንቋዎች አገር ነው። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካቾ፣ የካፋ፣ የመኤኒት፣ የመዠንግር ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከሌላ ክፍለ አገር የመጣው ሰፋሪና ነጋዴም ከእነርሱ ጋራ ይኖራል። ቡና በሚደርስበት ወራት ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና እርሻዎች ለለቀማ የሚመጣው ሠራተኛ ከየአገሩ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲም በሁለቱ ከተሞች ባሉት ቅጥር ግቢዎቹ ከኢትዮጵያ ማዕዘናት ሁሉ ተማሪዎችን ይቀበላል።

እንዲህ ላለው ሕዝብ ስልክ ቢያንስ ሦስት በጎ ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ወንጌልን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው፣ ያንኑ ቋንቋ የሚናገር ዲያቆን በድምፁ ቀርፆ የላከው አጭር ትምህርት ጫካውን አልፎ ይደርስለታል። ሁለተኛ፣ ለለቀማ የመጣው ሠራተኛና ለትምህርት የመጣው ወጣት ከአገሩ የንስሐ አባት ጋራ ሳይለያይ፣ የጾሙንና የበዓሉን ነገር ይጠይቃል፤ ምክርም ይቀበላል። ሦስተኛ፣ የታመመ፣ ያዘነ፣ ልቅሶ የተቀመጠ ሰው መኖሩን ካህኑ ቶሎ ሰምቶ ቶሎ ይነሣል።

ልብ እናድርግ፤ ሦስተኛው ጥቅም ፍጹም የሚሆነው ካህኑ ሲነሣ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጽፎ በቤቱ የሚቀመጥ ካህን ዜናውን ባይሰማ ይሻለው ነበር፤ ያልሰማ ሰው ባለመድረሱ አይወቀስምና።

የራሳችን ጥፋት

ሌሎችን ብቻ እየመከርን እንዳንታይ፣ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ይህን የምንጽፈው የተበደለችው እናት ፈቅዳ፣ «ሌላው ካህን ይማርበት፤ ነገሩን ግን አይግለጡት» ስላለችን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ምን እንደ ነበረና በየትኛው አጥቢያ እንደ ሆነ አንጽፍም።

የአጥቢያችን ምእመናን በቴሌግራም የሚገናኙበት ማኅበር ነበረን። በየሳምንቱ በድምፃችን አጭር ትምህርት እንልክ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይሰማው፣ ለሌላም ያስተላልፈው ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ የሚሰማን ሰው ሲበዛ ልባችን ደስ ይለው ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ ጣዕም እንዲያገኝ ብለን፣ በንስሐ የሰማነውን ነገር ስም ሳንጠራ ምሳሌ አድርገን ተናገርነው። «አንዲት እናት» ብቻ አልን። ስም አለመጥራታችን የሚበቃ መስሎን ነበር።

ነገር ግን የቡና አገር መንደር ትንሽ ናት፤ የማን ቡና ከማን ቡና እንደሚዋሰን፣ ማን ከማን ጋራ እንደማይነጋገር ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ነገሩ የማን እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ዐወቀ። እኛም የተቀረጸውን ድምፅ አጠፋነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ስለ ነበረ፣ ከእኛ ዘንድ መጥፋቱ ከሌላው ዘንድ አላጠፋውም።

ወደ ቤትዋ ሄድን። በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ታገላብጥ ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው መስቀል ለመሳለም አልመጣችም። እጅዋን ከቡናው ሳታነሣ፣ «አባቴ፣ እኔ ለእግዚአብሔር የነገርሁትን እርስዎ ለጎረቤት ለምን ነገሩብኝ?» አለችን። የተማርነው ሁሉ ጠፋብን፤ የምንመልሰውም አልነበረንም። በእግርዋ ላይ ወድቀን ይቅርታ ለመንን። ከዚያም ጥፋታችንን ለአለቃችን ተናግረን ቀኖና ተቀበልን፤ ማኅበሩም የሚመራበት ሥርዓት ተጻፈለት። እርስዋ ይቅር ብላናለች። ነገር ግን ሌላ የንስሐ አባት ይዛለች፤ ይህንም በማድረግዋ አንወቅሳትም። ይቅርታ ቂምን ያስወግዳል እንጂ የፈረሰውን እምነት በአንድ ቀን አይሠራምና።

ከዚህ የተማርነው ሥርዓት

ይህ ከደረሰብን በኋላ ከአጥቢያው ካህናትና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋራ ተመካክረን የያዝነውን ሥርዓት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የንስሐ ነገር በምንም መልክ፣ በምሳሌም ቢሆን፣ ስምም ተለውጦ ቢሆን፣ በስልክ አይነገርም፤ በስልክም አይጻፍም። ምእመን በስልክ ኀጢአቱን መናዘዝ ቢጀምር ካህኑ በፍቅር ያስቆመው፤ የሚገናኙበትንም ቀን ይቅጠርለት። የተጻፈ ነገር በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ንስሐም በካህን ፊት ቆሞ፣ በመስቀል ተባርኮ የሚፈጸም ምሥጢር ነው።

ሁለተኛ፣ ያልተመረመረ ነገር አይተላለፍ። የቡና ለቃሚ የሚያስተውለውን እንመልከት፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩ እሸትና ጥሬው አብረው ይገኛሉ። ብልኅ ለቃሚ ቀዩን እየመረጠ ይለቅማል፤ ችኩል ሰው ግን ሁሉን ባንድነት ያራግፈዋል። ጥቂት ጥሬ ፍሬም የመልካሙን ጣዕም ያበላሻል። ካህንም እንዲሁ፣ የሰማውን ሁሉ ከማራገፍ የበሰለውን ይልቀም። የሲኖዶስን ወይም የሀገረ ስብከትን ነገር ከምንጩ ሳያረጋግጥ አያስተላልፍ። ጥቂት ሰዓት መዘግየት አይጐዳውም፤ የተሳሳተ ነገር ማስተላለፍ ግን ይጐዳዋል።

ሦስተኛ፣ የአጥቢያው ገጽ የታወቀ ይሁን። ማን እንደሚጽፍበት ሰበካ ጉባኤው ይወቅ፤ ቍልፉም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ቅዱስ ጳውሎስ በእጁ ጽሕፈት ምልክት እንደ ሰጠ፣ ምእመናንም የእውነተኛው ገጽ ምልክት የትኛው እንደ ሆነ በዐውደ ምሕረት ይነገራቸው።

አራተኛ፣ ስለ ገንዘብ ጥንቃቄ ይደረግ። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚለመነው ገንዘብ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ወደ ተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ ወደ ግል ሒሳብ፣ ወይም ወደ ግል ስልክ በቴሌብር አይግባ። በአካል ለሚሰጠው ደረሰኝ እንደሚቈረጥ ሁሉ፣ በስልክ ለሚላከውም ደረሰኝ ይቈረጥ። ይህ ሰጪውን ከመታለል፣ ተቀባዩንም ከሐሜት ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ ካህን በስድብ አደባባይ አይቁም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በቤንች ሸኮ ዞን በጉራ ፈርዳ ንጹሓን ሰዎች ተገድለዋል። እንዲህ ያለ ቍስል ባለበት አገር አንድ የካህን ቃል መድኀኒትም፣ እሳትም ሊሆን ይችላል። ቅዱስ ያዕቆብ ስለ አንደበት ሲያስተምር ትንሽ እሳት ታላቅ ጫካ እንደሚያቃጥል ተናግሯል፤ በጫካ ውስጥ ለምንኖር ለእኛ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአገሩም ሕግ ዝም አላለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የሚፈጸመውን ጥፋት ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰሚ ያለው ሰው ብዙ ይጠየቃል የሚለውን እኛ ከወንጌል አስቀድመን ተምረነዋል።

ስድስተኛ፣ ለስልክም ጊዜ ይወሰንለት። በማኅሌት፣ በቅዳሴ፣ በኪዳን ጊዜ የካህን ስልክ ይዘጋ። የሟች ቤተ ሰብ እንባ፣ የታማሚ ሰው ገጽ፣ በጠበል ስፍራ የሚጮኽ ሕሙም ያለ ፈቃድ አይቀረጽ። የሰውን መከራ ለብዙ ተመልካች ማሳየት ምሕረት አይደለምና።

ማጠቃለያ

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፣ «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ መተዉ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን። ካህናት ዝም ያሉበትን አደባባይ ሌላ ይሞላዋል፤ ወጣቱ ስለ ሃይማኖቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከሚያውቅ ሰው ካላገኘ ከማያውቅ ሰው ይቀበላል። ስለዚህ መጻፍን ከመተው መጻፍን መማር ይሻላል።

መጠኑን ግን ከወንጌላዊው ዮሐንስ እንማር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ ፍጻሜ፣ ገና ብዙ የሚጽፈው እንዳለ፣ ነገር ግን በቀለም ሊፈጽመው እንዳልወደደ፣ መጥቶ ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ገልጧል። ሐዋርያው ጦማርን ጽፏል፤ ነገር ግን ጦማሩን ወደ ገጽ የሚያደርስ መንገድ አደረገው፤ የገጽ ምትክ አላደረገውም። ስልክ አያጠምቅም፤ አያቈርብም፤ ሙታንንም አይፈታም። የሚያደርገው ቢኖር፣ የተራራቁትን አስታውሶ እስኪገናኙ ድረስ ማቈየት ነው።

እንግዲህ የክህነት ወንድሞቻችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስልካችንን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ። በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ወይም በድምፅ ብቻ ያነጋገርናቸውን ልጆቻችንን እናስባቸው፤ ከእነርሱም የታመመውን፣ ያዘነውን፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቀውን አንዱን እንምረጥ፤ ነገም ጭቃው ቢበዛ፣ ዝናሙም ባያባራ፣ በእግራችን ወደ ቤቱ እንሂድ። የዚያን ጊዜ ጦማራችን እውነተኛ ገጽ ያገኛል።

የሁላችንንም አንደበትና እጅ ከክፉ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ቃላችንን ለሕይወት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።